የተሳሳተ ስፌት የሌለበት ቪዲዮ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8። ከሰዓት በኋላ ሲያካፋ ነበር። ቤት ውስጥ የነበርነው እኔና ቀሚስ ልትለካ የመጣችው ነርስ ብቻ ነን።

ውድ ሹፌሬ፣

ሩቁ መስመር ላይ ሌላ ዓመት ለመቆየት ሰኞ ለአለቃህ መልስ እንደምትሰጥ በስልክ ነገርከኝ። እኔም እንደ ልማዴ «እሺ» ብቻ አልኩህ። እሺታው ከአንገት በላይ ነበር። ጓደኛህ ነገ ቀትር ላይ ወደዚያ ስለሚነዳ ይህን ደብዳቤ በእሱ እልክልሃለሁ።

ከቀዶ ሕክምናዬ በኋላ መነካካት ስንፈራ፣ ይህችው ነርስ ለባልና ሚስት የተዘጋጀ የማስተማሪያ ቪዲዮ ሰጠችን። በሩን ቆልፈን፣ እንደ ተፈታኝ ጎን ለጎን ተቀምጠን አየን። አስተማሪው ሥዕሉን በዘንግ እየጠቆመ ሲያብራራ «ሰውዬው የጂኦግራፊ መምህር ነው እንዴ?» አልክ። በሆዴ ሳቅሁ፤ ፊቴ ግን አልሳቀም። ቀጥሎ መልከ መልካሞቹ ባልና ሚስት መጡ። አይነጋገሩም፣ አይሳሳቱም፣ ክንዳቸው እንኳ አይደነዝዝም። እኔ ዓይኔን አልነቀልኩም። ስማር ዝም እላለሁ፤ ዚፕ መትከልም ኮሌታ ማዞርም የተማርኩት ከሰው በተረፈ ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ ቪዲዮ እያየሁ፣ በዝምታ ነው። አንተ ዝምታዬን ወቀሳ አደረግከው። «ለካ ይህን ሁሉ ዘመን ሳላውቅበት ኖሬያለሁ» ብለህ ትራስህን ይዘህ ሳሎን ገባህ። ከሳሎን ደግሞ ሩቅ መስመር።

ዛሬ ነርሷን ስለካት «ያ ቪዲዮ እንዴት ነበር?» አለችኝ።

«አንሶላው ያምራል» አልኳት።

«አይ አንቺ፣ አንሶላ እንድታዩ ነው የሰጠኋችሁ?» ብላ ሳቀች።

ሳቋ አደፋፈረኝ። ጥሩ የስፌት አስተማሪ ሲሳሳት ያሳያል፤ ይተረትርና እንደገና ይሰፋል። እነዚያ ግን አንድም ነገር አልተረተሩም አልኳት። ስልኳን አውጥታ ሌላ ቪዲዮ ላከችልኝ።

ከሄደች በኋላ አየሁት። የዚህኛው ባልና ሚስት በዕድሜ እኛን ያህላሉ። ሴትየዋ ጠባሳ አላት። እጁን ሲያሳርፍባት «ቆይ፣ እዚያ ያመኛል» አለችው። እጁን አነሳ፤ አልተቀየመም። «እዚህስ?» አላት። ወዲያው ክርኑ አዳለጠውና ትራሱ መሬት ወደቀ፤ ሁለቱም ሳቁ። እኔ አለቀስኩ። የት እንደሚያመኝ አልነገርኩህም፤ አንተም አልጠየቅከኝም። ሁለታችንም ያንን የመጀመሪያውን ቪዲዮ ለመምሰል ስንጨነቅ ተራራቅን።

የሰኞውን መልስ አቆየውና መጀመሪያ ቤትህ ና። ይህኛውን አብረን እንየው። ካልወደድከው ራስህ አጥፋው፤ ብቻ እኔ አጠገብህ ተቀምጬ እያለሁ አጥፋው።

ዝምተኛዋ ሚስትህ

እሑድ ጠዋት፣ ፖስታውን ሳላሽግ፦ ትራስህን ከሳሎን አነሳሁ። ልብሱን አጥቤ በካውያ አደረቅሁት፣ አልጋው ላይም በአንተ በኩል አኖርኩት። ከዚያ ማሽኔ ፊት ተቀመጥኩና፣ ማንም በሌለበት፣ ድምፄን አውጥቼ «ቆይ» አልኩ። ትንሽ ቆይቼም «እዚህ» አልኩ።