የእኛ ቤት ክብርት

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

ጠዋት በአፈ ጉባኤነቴ የመምህራንን ጉባኤ ከፈትሁ። ክቡራን ሚኒስትሮች፣ የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣ ውድ መምህራን... ሁሉንም እንደ ደረጃቸው ጠራሁ። የረሳሁት ሰው ይኖር ይሆን? ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ነበር። መልካም የውይይት ጊዜ ተመኝቼ ወረድሁ።

ጠበቃው ነው።

"ክብርት፣ ችሎቱ የጉዲፈቻ አቤቱታዎን አልተቀበለውም።"

"በምን ምክንያት?"

"በአካል ባስረዳዎት ይሻላል።"

ቀኑን ሙሉ የሰው እጅ ስጨብጥ ዋልሁ። የማንን እንደሆነ እንጃ።

ማታ ድንቢጥ፣ እናቷ ጸሐፊዬ ሞታ እኔ ዘንድ የቀረችው ልጅ፣ "ዛሬ አጨበጨቡልሽ?" አለችኝ። አዎ አልኋት። ሌላ ምን ይባላል?

ረቡዕ፣ መጋቢት 10

ውሳኔውን አነበብሁ። ሥራዬ ለልጅ ጊዜ አይሰጥም ይላል... ይሁን። ያቃጠለኝ ሌላው ነው። የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዋ ቤታችን መጥታ ያየችውን መስክራለች፦ "ሕፃኗ አመልካቿን 'ክብርት' እያለች በማዕረግ ትጠራለች። የእናትና የልጅ ቅርርብ አልታየም።"

ታዲያ ምን ትበል? ዘበኛው ክብርት፣ ሾፌሩ ክብርት፣ ምግብ አብሳይዋ ክብርት። እናቷም ያስተዋወቀችን በዚያው ስም ነው።

ባለሙያዋ የምትመጣ ዕለት ቤቱን ለክብር እንግዳ እንደሚዘጋጅ አድርጌ አዘጋጀሁት። ሳሎኑ በአበባ ተሞልቶ፣ ድንቢጥ ፀጉር ቤት ተሠርታ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ እጇን አጣምራ... የሌላ ሰው ልጅ መስላ።

ይግባኝ እንላለን። ካልተሳካ ሌላ ቤተሰብ ይፈለግላታል አለ ጠበቃው። ይህን ደግሜ አልጽፈውም።

እሑድ፣ መጋቢት 21

የቤቱን ሰው ሰበሰብሁ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ማንም ክብርት እንዳይለኝ አልሁ። ታላቅ እህቴ እትዬ በሳቅ ፈረሰች።

"መመሪያ አወጣሽ? ማኅተም ይደረግበት እንጂ።"

ዘበኛው፣ "እሺ፣ ክብርት" አለ።

ድንቢጥን ለብቻዋ ያዝኋት። "እማዬ ብትይኝስ?"

አሰበች። "እማዬማ አለችኝ። ሞተች እንጂ።"

ሁለተኛ አልጠየቅሁም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 16

ጠበቃው ልጅቷ ችሎት ፊት የምትለውን እናለማምዳት አለኝ። እምቢ አልሁ። ልክ ነኝ? ክብሬ ነው እምቢ ያለው ወይስ እኔ?

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ይግባኝ ሰሚው ችሎት ዛሬ ልጅቷን ሰማ። ጠዋት ፀጉሯን ራሴ አበጠርሁ። መሃሉ ጠማማ ሆኖ ተከፈለ።

የመሃል ዳኛዋ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። "ክብርት ማን ናት?" አሏት።

"እኛ ቤት ያለችው።"

"እኔንም እኮ ክብርት ይሉኛል።"

"እርስዎ የሥራ ክብርት ነዎት። የእኔዋ ፀጉሬን ስታበጥር ታሳምመኛለች። ስብሰባ አለብኝ ብላ ደግሞ ትቸኩላለች።"

መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ። የሥር ፍርድ ቤቱን ምክንያት በአፏ አጸናችው።

"ስትቸኩልብሽስ ምን ታደርጊያለሽ?"

"ማበጠሪያውን እደብቅባታለሁ። ስንፈልግ ስንፈልግ ስብሰባው ይቀራል።"

ዳኛዋ ጠማማውን የፀጉር መስመር ተመለከቱ። ቀጥሎ እኔን። ፊታቸው ምንም አይናገርም...

ለውሳኔ ተቀጠረ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 20

ምክር ቤት ውስጥ አንዱን ተናጋሪ በሌላው ስም ጠራሁት። ሰው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሐሳቤ ግን ችሎቱ ጋ ነው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3

የሥር ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ተሽሯል። ጉዲፈቻው ጸድቋል። ጠበቃውን ደጋግሜ አስነበብሁት። "ክብርት፣ ያው ነው፤ አይለወጥም" አለኝ በመጨረሻ።

እራት ላይ እትዬ፣ "በይ እንግዲህ፣ ንግግር" አለችኝ። ተነሣሁ።

"ክብርት ልጄ፣ የተከበርሽ ታላቅ እህቴ፣ ውድ ምግብ አብሳያችን፣ ዛሬ በሩን ትተህ ከእኛ ጋር የተቀመጥኸው ዘበኛችን..."

ቅደም ተከተሉን ማንም አልተቃወመም። ቀጥሎ የምለው ብዙ ነበረኝ።

ድንቢጥ ቀሚሴን ጎተተችኝ። "ክብርት፣ አሳጥሪው።"

አሳጠርሁት። "ስለ ትዕግሥታችሁ ከልብ እያመሰገንሁ፣ ነገ ጠዋት ለሚካሄደው የፀጉር ማበጠር ሥነ ሥርዓት መልካም ውጤት እመኛለሁ።"

የነገውን ስብሰባ ምክትሌ ይከፍተዋል። ማበጠሪያው እስካሁን አልተገኘም።