የሴቶችን ጣሪያ ስለሚያየው መስታወት

ለክቡር አርክቴክት ራውፍ ዘርጉን
አልጀርስ

እጅግ የተከበሩ ሆይ፣ እንደምን ከርመዋል? ዓይንዎስ ደህና ነው? ከሁሉ አስቀድሜ ዓይንዎን መጠየቄ፣ በምዛብ ሸለቆ ከሠፈራችን በላይ የሠሩልን ቤተ መጻሕፍት አርቆ አሳቢ ባይሆንም አርቆ የሚያይ ስለሆነ ነው።

በምረቃው ዕለት «ሕንፃው ከአካባቢው ጋር ይነጋገራል» ብለው ነበር። ከእኛ ጋር ግን የተነጋገረ የለም። እዚህ አገር ጠፍጣፋው የቤት ጣሪያ የሴት ነው፤ ወንድ ልጅ ጢም ካበቀለ አይወጣበትም፣ የጎረቤትን ጣሪያ የሚያይ መስኮትም አይከፈትም። ቢጠይቁ ኖሮ ይህን ያገኟት ሴት ሁሉ ትነግርዎት ነበር።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ. ስለ ብርሃኑ። ግድግዳውን ሙሉ መስታወት በማድረግዎ አንባቢዎች ብርሃን ጠግበዋል። እኛ ደግሞ ፀጉራችንን ገልጠን ፀሐይ የምንሞቀው ጣሪያ ላይ ስለነበር፣ ይኸው ታች ጨለማ ውስጥ ተቀምጠን የእርስዎን ብርሃን እናደንቃለን።

፪ኛ. ስለ ክፍት ቦታው። አክስቴ መና እግሯ ከከዳት ወዲህ ከላይኛው ክፍል አትወርድም። ጎረቤቶቿ ከጣሪያ ጣሪያ እየተሻገሩ ያጫውቷት ነበር። በመንገድ እንዳይመጡ ዳገቱ አለ፤ እነሱም አርጅተዋል። አሁን በመስታወትዎ ፊት ማን ይሻገር? ትናንት ሾርባ ይዤላት ብገባ «ልጄ ባያ፣ ያ ሰውዬ ምን በድዬው ነው ሰው የነሳኝ? ሾርባው ይቆይ፣ እስቲ ወሬ አምጪ» አለችኝ። ወላሂ፣ አንጀቴ ነው የተቃጠለው።

፫ኛ. መስታወቱ ላይ የእንጨት ርብራብ እንዲደረግ ብንለምን፣ «የሕንፃው ንጽሕና ይጎድፋል» ብለው መለሱልን። አጀብ ነው! ለሕንፃው እንዲህ የሚያስቡ ሰው፣ ለእኛም ትንሽ ቢተርፈን ምን ነበረበት?

ስለዚህ እኛው መላ መትተናል። ከመጪው ጁምዓ ጀምሮ የሠፈሩ ሴቶች ምንጣፎቻችንን በመስታወቱ ትይዩ፣ ከጣሪያ ጣሪያ በተወጠረ ገመድ ላይ እንሰቅላለን። አክስቴ እንግዶቿን ትቀበላለች፤ አንባቢዎችዎም የምንጣፍ ጀርባ እያዩ ያንብቡ። የሚነቅል ካለ ራሱ ወጥቶ ይሞክረን።

ሕንፃዎ ራሷ ላይ ከቆመባት ቀን ጀምሮ እርስዎን ከማንሳት ቦዝና የማታውቅ አክባሪዎ፣
ባያ ቢንት ሐሙ

ማሳሰቢያ፦ የራስዎን መኖሪያ ቤት መጽሔት ላይ አየሁት። ማሻ አላህ፣ አጥሩ እንዴት ያለ ረጅም ነው! በመንገድ በኩል አንዲት መስኮት እንኳ የለውም፤ ባለቤትዎ ግቢው ውስጥ ፀጉራቸውን ቢያደርቁ የሚያያቸው የለም። እባክዎ፣ ያንን ቤት የሠራውን አርክቴክት ይላኩልን።