ሥዕሎቹን ይዞ የሚሄደው መጽሐፍ

ውድ እታለም፣

የተሰበረው እግርሽ እንዴት ሆነ? ክራንቹን ጥላ ግድግዳ ይዛ ትሄዳለች ብለው ነገሩኝ፤ እባክሽ አትድፈሪ! ይልቅ ዜና ልንገርሽ፣ ደስታው አላስቀምጥ ብሎኛል።

ማተሚያ ቤት የምሠራባትን ክፍል ታውቂያታለሽ፤ መስኮት የላትም፣ በሯ ላይ ወረቀት ተከምሮ ለመውጣት በጎኔ መሹለክ አለብኝ። ባለፈው አንቺን ላስታምም አውቶቡስ ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ደውሎ ያስወረደኝ ወደዚህችው ክፍል ሊመልሰኝ ነው። አንድ የሒሳብ መማሪያ መጽሐፍ እዚህ ነው የማቀናብረው። ጽሑፉ አንድ ፋይል ነው፤ ሥዕሎቹ፣ የገጹ ቅርጽ፣ የዋቢ መጻሕፍቱ ዝርዝር ግን ሌላ ሌላ ፋይል ሆነው እኔ ኮምፒውተር ላይ ተበትነዋል። ተሰብስበው ቢገለበጡም አንዱ ሁልጊዜ ይቀራል፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ «ፋይሉ የለም» ብሎ ይቆማል። «አንቺ ከሌለሽ መጽሐፉም የለም» ይለኛል ባለቤቱ። መጀመሪያ ሲለኝ ኮርቼ ነበር እኮ፣ እቴ! ኋላ ነው መታሰሬ የገባኝ።

ሰሞኑን የመጽሐፉ ደራሲ፣ ጡረተኛው መምህር፣ እርማት ይዘው መጡና ምሬቴን ሰሙ። «ታዲያ ልጄ፣ ሁሉንም እዚያው በጽሑፉ ፋይል መጀመሪያ ላይ ለምን አትጽፊያቸውም? ሥዕሎቹም እኮ «እዚህ መስመር፣ እዚያ ክብ ሣል» እያሉ ለኮምፒውተሩ በጽሑፍ የታዘዙ ናቸው። ጽሑፉ በሄደበት ሲከፈት ፋይሎቹን ራሱ ያወጣቸዋል» አሉኝ።

አንድ በአንድ አስገባኋቸው። ሞከርኩት፤ ሠራ! እልል አልኩ። ባለቤቱ መጥቶ ሳቀብኝ፦ «በራስሽ ኮምፒውተር? ቤትሽ ተቀምጠሽ መንገድ ወጣሁ ትያለሽ እንዴ?» እውነቱን ነው፤ ፋይሎቹ ድሮም እዚያው ናቸው። ያው ፕሮግራም አዲስ በተጫነበት በገንዘብ ያዧ ኮምፒውተር ስንከፍተው አንድ ሥዕል ላይ ተገተረ፤ ረስቼው ኖሯል። ይህቺ ክፍል ልትውጠኝ ነው አልኩ። እሱንም ጨምሬ ደገምኩ። ገጾቹ ከነጎነ ሦስታቸው፣ ከነክባቸው ተግተልትለው ወጡ!

ባለቤቱ አገላበጣቸው። «እንግዲህ ሂጂያ» አለ። ወዲያው ደግሞ፣ «ስልክሽን ግን እንዳትዘጊ።»

አልዘጋም፤ እንደፈለገው ይደውል። ቅዳሜ ጠዋት እሳፈራለሁ። በር ልክፈት ብለሽ እንዳትነሺ፣ ቁልፉን ለጎረቤትሽ ስጪልኝ። በዚህ ጊዜ ከአውቶቡሱ የምወርደው አንቺ ሰፈር ስደርስ ብቻ ነው።

ለፍላፊዋ ታናሽሽ