ትኋን ያመልክቱ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11። ጠዋት 3፡20።
ኔትወርኩ ዛሬ ደህና ነው። ባይኖር ይሻል ነበር።

ደብተሬ፣ ጉድ ልንገርህ። የመ/ቤታችንን መዝገብ የሚይዘው ነጻ ፕሮግራም አለ አይደል፣ በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት፣ አማርኛውን እኔ የምተረጉመው? ፈረንጆቹ የፕሮግራም ስህተትን በነፍሳት ስም ይጠሩታል። እኔ ብልጧ ደግሞ የስህተት ማሳወቂያው ቁልፍ ላይ «ትኋን ያመልክቱ» ብዬ ጻፍኩ። የመዝገብ ቤቱ ጋሽ አደሎ አነበቡት። ትእዛዝ ነው ብለው ወንበር ገለበጡ፣ መደርደሪያ አራገፉ። ከዚያ ቁልፉን ተጭነው በደንቡ ጻፉ፤ ቁጥር፣ ቀን፣ «ጉዳዩ፦ ትኋን አለመኖሩን ስለማሳወቅ»፣ ከሠላምታ ጋር። ደብዳቤው ቀጥታ ለፕሮግራሙ ሠሪዎች ሁሉ ሄደ!

ጋሽ አደሎ ቁልፉ ላይ ማን እንደጻፈው ጠየቁኝ። ኮምፒውተሩ ነው አልኳቸው። ውሸታም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13። ምሳ ሰዓት።
ደብዳቤውን ለፕሮግራሙ ሠሪዎች ተርጉሜ ላኩላቸው፤ በሳቅ ፈረሱ። ጨዋታ ነፍሳቸው ነው። አዲስ እትም በወጣ ቁጥር አንድ የቀልድ ዘፈን አብሮ ይወጣል። ያለፈው ስለተረሳ የይለፍ ቃል ነበር። የአሁኑ የጋሽ አደሎ ደብዳቤ ይሁን አሉ። አንዲት ብራዚላዊት በጊታር ሞክራ ልካልኛለች።

ኮራሁ! የቦንጋ መዝገብ ቤት፣ እስቲ አስበው! ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። በወረቀቱ ዘመን አንድ ፋይል ያልጠፋባቸው ሰውዬ በእኔ ጥፋት የዓለም መሳቂያ ሊሆኑ ነው። እሺ ሳይሉ ዘፈኑ ይውጣ አልልም። እሺ እንዲሉ ደግሞ እውነቱን መስማት አለባቸው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14።
የቁልፉንም የዘፈኑንም ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ኮምፒውተር ትኋን የት ያውቃል? ያኑ ቀን አውቄሻለሁ።» መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ።

የብራዚሏን አሰሚኝ አሉ። አሰማኋቸው። ፊታቸው ተኮሳተረ። አለቀልኝ! ለካ ያናደዳቸው ሌላ ነው። የደብዳቤው ቁጥር አልተዘፈነም። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ደብዳቤ አይደለም፤ ሰው መሳቁን ይሳቅ፣ ግን በደንቡ ይሳቅ አሉ። ነገ ክራራቸውን ያመጣሉ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15። 6 ሰዓት።
መዝገብ ቤት ውስጥ በስልኬ ቀዳን። ቁጥሩን ከነእዝባሩ (/) ዘፈኑት። «እዝባር!» ሲሉ እኔ እቀበላለሁ፣ «እዝባር!» መሀል ላይ በአገራቸው ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ትኋኗን ዘለፏት። የጽዳቷ እትዬ አስቴር ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ወጡ፤ አስደግመን ቀዳን። እኚህ ሰው ጎረቤቴ ቢሮ ተቀምጠው እንዲህ እንደሚዘፍኑ አላውቅም ነበር። ደስ ብሎኛል፣ በጣም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18። ጠዋት 4 ሰዓት።
ብራዚላዊቷ ጊታሯን ጨመረችበት። እሷም «እዝባር» ትላለች፣ ጥርት አድርጋ! ቁልፉን አርሜዋለሁ፤ «ስህተት ያሳውቁ»።

ሠሪዎቹ ማን ምን ሠራ የሚለውን ዝርዝር እንድሞላ ጠየቁኝ። እስከ ዛሬ ከስሜ ሁለት ፊደል ብቻ ነበር የማስቀምጠው፣ ባበላሽ እንዳልታወቅ። ዛሬ ጋሽ አደሎ አጠገቤ ቆመው፣ እንዲህ ብዬ ሞልቼ ላክሁት፦

ደብዳቤ፣ ዜማና ክራር፦ አደሎ፣ ከቦንጋ።
ስህተት፦ ብርቱካን፣ ከቦንጋ።