ቻታ ከውኃ ወጣች

ፌብሩዋሪ 4
ውኃ ቀየርኩ። አቾኬዋ ቻታ ዛሬም ትሏን አልነካችም። በሐይቁ የቀሩት አቾኬዎች፣ እነዚህ እንሽላሊት መሳይ የውኃ እንስሳት፣ ጥቂት ናቸው፤ ገዳማችን የሚያረባቸውም ለዚሁ ነው። ከአንገቷ ግራና ቀኝ እንደ ዘርፍ የሚንሳፈፈው የውኃ መተንፈሻዋ፣ ስንጥቧ፣ ያጠረ መሰለኝ... ዓይኔ ይሆን? እማሆይ ኮንሶላታ ጸሎት ላይ አንኮራፉ። እሳቸውስ እርጅና ነው።

ፌብሩዋሪ 27
ስንጥቧ ሊጠፋ ምንም አልቀረው። እመ ምኔቷ ገንዳው ላይ አጎንብሰው አዩ።
«ኦብዱሊያ፣ ምን ጨመርሽበት?»
«ምንም፣ እናቴ።»
«ምንም ያልጨመረ ሰው እንዲህ አይቀላም።»
ከሞተች ገንዳዎቹን ለሌላ እህት ይሰጣሉ። እኔስ? ልብስ ማጠቢያ ቤት...

ማርች 9
ገንዳው ባዶ! ቅዳሴ መሃል ተገኘች። መንበሩ ፊት፣ ምንጣፉ ላይ፣ በአራት እግሯ፣ እንደ ቆራቢ ቀስ ብላ። አባ ጽዋውን እንደያዙ ቀሩ።
«ይቺኛዋ ንስሐ ገብታለች?» አሉ።
ሁሉም ሳቀ። እማሆይ ኮንሶላታ ብቻ አላዩም። ተኝተዋል።

ማርች 10
አቾኬ የምታጠናው ዶክተር ኢትሴል ከከተማ መጣች። ቻታ ሰውነት ውስጥ የታይሮይድ ሆርሞን ገብቷል አለች። አልገባኝም። የመዘምራኑን ትልቅ መጽሐፍ ጎትታ አመጣች።
«በየሕዋሱ ውስጥ ያለው ሙሉው መጽሐፍ ነው። የትኛው ገጽ ይነበብ የሚሉት ግን ገጽ ገላጭ ፕሮቲኖች ናቸው። ሆርሞኑ ገላጩን ሲነካው የውኃው ገጽ ተከደነ፣ የየብሱ ተከፈተ።»
«ወደ ኋላ ይመለሳል?»
«የእሷ አይመለስም፣ እህቴ። ከተለወጡ ደግሞ ብዙዎቹ በሕይወት አይቆዩም... እዚህ ቤት የታይሮይድ እንክብል የሚወስድ አለ?»
አለ። በየጠዋቱ፣ ገንዳው ዳር ቁጭ ብለው የሚውጡ።
«እማሆይ ኮንሶላታ! እንክብሉን የት ነው የሚያደርጉት?»
«መራራ ነዋ። እሷ ደግሞ ከስታለች፣ አሳዘነችኝ፤ ገንዳው ውስጥ ጣል አደርግላታለሁ።»
«እርስዎስ?»
«እኔማ ደህና...» ሳይጨርሱ አሸለቡ።

ማርች 22
ቻታ አሁንም አልበላችም። ሳጥን ውስጥ እርጥብ ሣር አነጠፍኩላት። አልቅሻለሁ።

ማርች 25
አንድ ትል በላች! አንድ!

ኤፕሪል 14
ቻታ ወፍራለች። ሳጥኗ ከእማሆይ አልጋ አጠገብ ነው። እማሆይ እንክብላቸውን እፊቴ ይውጣሉ፤ አፋቸውንም ከፍተው ያሳዩኛል። ነቅተዋል... ወይ መንቃት! ጸሎት ላይ ያዛጋን ሁሉ በክርናቸው ይጎስማሉ። እመ ምኔቷንም።
ዛሬ እመ ምኔቷ ጎናቸውን እያሻሹ ጠሩኝ።
«ገንዳዎቹ ያንቺው ናቸው። ግን ኦብዱሊያ... ያ እንክብል አንዳንድ ቀን ቢረሳ?»
«ገጹ ወደ ኋላ አይመለስም፣ እናቴ» አልኳቸው። ፊቴም አልቀላም።
ውሸቴን ነው። የእማሆይ ይመለሳል፤ እንክብሉ ሲቀር እንቅልፋቸው ይመጣል። ግን ነቅተው ደስ ይሉኛል።