ብረት ሲተነፍስ ያዩት የአቶ ምንይሉ ደመላሽ የሕይወት ታሪክ

የአቶ ምንይሉ እናት ወይዘሮ በለጠች ወሰኔ በነሐሴ 1946 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጃቸውን ሊወልዱ ከግሼ ተነሥተው ማዶ ወዳለው የወላጆቻቸው ቤት ሲሄዱ፣ ቁልቋል ወንዝ ሞልቶ ዳር ላይ ምጥ ያዛቸው። የአባታቸው የአቶ ደመላሽ ወገኖች «ሳይሻገሩ በግሼ በኩል ወለዱ» ይላሉ። የእናታቸው ወገኖች ደግሞ «በሰው ሸክም ተሻግረው ማዶ ደርሰው ነው» ይላሉ። አቶ ምንይሉ ራሳቸው ሲጠየቁ «ወንዙን ጠይቁት» ብለው ይስቁ ነበር።

ዳዊት ከደገሙ በኋላ እስከ ስምንተኛ ክፍል በራቤል ተማሩ። በ1966 ዓ.ም. በመንገድ ሥራ ተቀጥረው ብየዳ ለመዱ። በ1972 ዓ.ም. ከወይዘሮ አረጋሽ ኪዳነ ወልድ ጋር በቁርባን ተጋብተው ሦስት ልጆች አፈሩ።

በ1991 ዓ.ም. መሥሪያ ቤታቸው ለሥልጠና ጃፓን ላካቸው። እዚያም በሰፊ ወንዝ ላይ የተዘረጋ አዲስ የብረት ድልድይ ሲያዩ አፋቸውን ይዘው ቀሩ። ይበልጥ ያስደነቃቸው ግን በጫፉ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተጠላለፈው ብረት ነበር። ጠዋት በብርዱ ጣት የሚያስገባው ክፍተት፣ ፀሐይ ስትበረታ ብረቱ ስለሚረዝም ይጠባል። ሲመለሱም ለባለቤታቸው «አረጋሽዬ፣ ብረት ሲተነፍስ አየሁ፤ ይህን ያሰበ ይባረክ» አሏቸው።

በ1996 ዓ.ም. በቁልቋል ወንዝ ላይ የብረት ድልድይ ሲሠራ በያጆቹን የመሩት እሳቸው ናቸው። በተመረቀ በወሩ አገሬው የበጎች እግር እንዳይሰበር ብሎ በጫፉ ያለውን እንደ ጃፓኑ ያለ ክፍተት በደቦ በድንጋይና በጭቃ ደፈነው። አቶ ምንይሉ አልተቆጡም። «እግዜር ይስጣችሁ፤ ግን አፍንጫውን ደፈናችሁት! ብረቱ በፀሐይ መዘርጊያ ሲያጣ ግንቡን ገፍቶ ይጥለዋል» ብለው ተንበርክከው ይፈለፍሉ ጀመር። ለበጎቹም በአንድ ወገን ብቻ የታሰረ ላሜራ አለበሱት። ከዚያ ወዲህ፣ ጡረታ ወጥተውም ቢሆን፣ ከገበያ ሲመለሱ ክፍተቱ ውስጥ የገባውን ጠጠር ሳይጠርጉ አያልፉም ነበር።

ኩላሊታቸውን ታመው ሆስፒታል በተኙበት ጊዜም ጭንቀታቸው «ማን ይጠርገዋል?» የሚል ነበር። የካቲት 19 ቀን 2009 ዓ.ም. በ62 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አረጋሽ፣ ልጆቻቸው አመተሥላሴ፣ አንዷለምና ኮከብ እንዲሁም አምስት የልጅ ልጆች ቀርተዋል። ስንቱን መንገደኛ ያሻገሩትን አባታችንን አምላክ ወደ ደጋጎቹ ማረፊያ ያሻግርልን።

ትናንት አስከሬናቸው ሲመጣ የወዲህም የወዲያም ወገን ድልድዩ ላይ ወጥቶ ተቀበላቸው። ልቅሶው ጋብ ሲል አመተሥላሴ ላሜራውን ገልጣ፣ ሁሉም እየሰማ፣ «አባዬ፣ አታስብ፤ ከዛሬ ጀምሮ የምጠርገው እኔ ነኝ» አለች።