ከቱቦው በታች ያለው ድንጋይ

ይድረስ ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እናቴ፤

እንደምን ከርመሻል እማዬ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ፣ ወይስ ዛሬም ደረጃ ስትወጪ እንዳይሰማብሽ ጥርስሽን ነክሰሽ ነው? ሳልሽስ ለቀቀሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ። ደህና ብቻም አይደለሁ፤ አሸንፌአለሁ።

ባለፈው ደብዳቤዬ እንዳጫወትኩሽ፣ የውሃ መሥሪያ ቤታችን ለታችኛው ሰፈር የመጠጥ ውሃ ሊስብ ያሰበው ከጨርቅ ማቅለሚያው ፋብሪካ የፍሳሽ ቱቦ በታች ነበር። በየሰኞው በጠርሙስ የምንቀዳው ውሃ ሲመረመር ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። እኔ ግን ከድንጋዮቹ ሥር ያለውን አይቼ ልቤ አልቀበል አለ። ከቱቦው በላይ ድንጋይ ሲገለበጥ፣ ቆሻሻ የማይችሉ ባለሦስት ጅራት ጥቃቅን ነፍሳት ይርመሰመሳሉ፤ ከቱቦው በታች ያለው ቀይ ትል ብቻ ነው። ጠርሙስ የሚያውቀው የተቀዳበትን ሰዓት ነው፤ ነፍሳቱ ግን ወር ከዓመት እዚያው ናቸው። አለቃችን ወሩ ሳያልቅ ቆጥሬ እንዳሳየው፣ አለዚያ ውሃው ከዚያው እንዲሳብ እንደሚፈርም ነገረኝ።

የመጀመሪያው ቀን ጉድ ሠራሁ። አንቺ ያሳደግሽኝ አይደለሁ? እያንዳንዱን ድንጋይ ከወንዙ አውጥቼ፣ ጭቃውን ለቅለቅ አድርጌ፣ አጽድቼ ትሪ ላይ ደረደርኩት። ለካ ነፍሳቱን በገዛ እጄ ለወንዙ መልሼአቸዋለሁ። የላይኛውም የታችኛውም ባዶ ሆነ። የላቦራቶሪው ሰዎች «እሜቴ ለቅለቅ» የሚል ስም አወጡልኝ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በማግስቱ ከድንጋዩ ሥር መረብ ዘርግቼ እጣቢውን እዚያው አጠራቀምኩና ቆጠርኩ። ከላይ መቶ አርባ ሁለት ባለሦስት ጅራት፣ ከታች አንድም የለም። ፋብሪካዎቹ እኛ በማንሄድበት ቀን የሚለቁት ነገር ቢኖር ነው አልኩት ለአለቃችን። እሱም የቆጠርኩበትን ወረቀት አገላበጠና እሑድ ሄደን እንየው አለ። እሑድ ለማንም ሳንናገር አብረን ሄድን። ቱቦው ሐምራዊ ውሃ ይተፋል። ሰውየው ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ወንዙ ውስጥ ገብቶ ጠርሙሱን ሞላ።

በስብሰባው ላይ የፋብሪካው ጠበቃ በትል ምስክርነት ሰው አይከሰስም ብሎ ሳቀ። አለቃችን ቀበል አድርጎ፣ ትሏ እሑድም ሥራ ትገባለች፣ የምናርፈው እኛ ነን አለው። ቱቦው እንዲዘጋ ታዘዘ፤ የውሃ መሳቢያውም ቦታ ከቱቦው በላይ እንዲሆን ተወሰነ። ደስታዬን ልደብቅ ብል ፊቴ አልታዘዝ አለኝ።

ለአባዬ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ያለ መነጽር ማንበቡን ይተው። አያቴን ጸሎቷ እንደደረሰልኝ ንገሪያት። ታላቅ ወንድሜ መልስ ካልጻፈልኝ እንደተቀየምኩት ይወቅ። ትንሿን እህቴን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ።

ደብዳቤውን ሳላሽግ ዛሬ ጠዋት ከቱቦው በታች ደርሼ መጣሁ። ከተዘጋ አምስተኛ ሳምንቱ ነው። ቀይ ትል ከነገሠበት ቦታ አንድ ድንጋይ ገለበጥኩ፤ አንዲት ባለሦስት ጅራት ተለጥፋበታለች። አልወሰድኳትም እማዬ። ድንጋዩን ቀስ አድርጌ እንደነበረው መለስኩት።

እግሯ ከወንዝ ያልደረቀ ልጅሽ

ከላቦራቶሪው መስኮት ሥር
ሐሙስ፣ የካቲት 14 ቀን